መብራቱን ማን ያጥፋው?

ሰው ለባልንጀራው የሚያደርገው ሥራ ሁሉ በጎ መስሎ ይታየዋል። ዳሩ ግን አድራጊውን ብቻ ደስ የሚያሰኝ፥ ተቀባዩን ግን በዝምታ የሚያስጨንቅ በጎነት እንዳለ እኔ የተማርሁት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሌላውን ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያስተማረኝም ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ነው።

ይህ ልጅ በሐዋሳ ከተማ በግንበኝነት ይተዳደር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ የአንገቱ አጥንት ተጎዳና ከትከሻው በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ አለው። እናቱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ አሞራ ገደል ወርዳ ዓሣ ስለምትነግድ ማታ በጊዜ ትተኛለች። እኔም ጎረቤታቸው ነኝና ሁልጊዜ ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ሄጄ መብራቱን አጥፍቼለት፥ ደኅና እደር ብዬው፥ ለነፍሴ አንድ ነገር ሠራሁ እያልሁ እመለስ ነበር።

አንድ ቀን ለቅሶ ላይ አምሽቼ ሳልሄድ ቀረሁ። በማግሥቱ ማልጄ ይቅርታ ብጠይቀው፥

«ጋሼ፥ ትናንትማ ደኅና አደርሁ» አለኝ። «ከወደቅሁ ጀምሮ ጨለማ ያስጨንቀኛል። እንቅልፍ የሚመጣልኝ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸኝም?»

«እርስዎ ደክመው መጥተው እንዴት ልንገርዎ?»

አንባቢ ሆይ፥ ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ልነግርህ አልችልም። አምስት ዓመት ሙሉ በፍቅር ስም ልጁን በጨለማ ዘግቼበት ስሄድ ኖሬአለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው እጅም እንደ ራስ እጅ አይሆንም።

ይህን ነገር ከእኛ አስቀድመው ያስተዋሉ አሉ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የአከርካሪ አጥንታቸው የተጎዳ ሰዎች ይታከሙ ነበር። ሬጅ ማሊንግ የሚባል ሰው ሕመምተኞችን ሊጠይቅ ሲሄድ፥ እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው በራሱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑን ተመለከተ። ትንፋሹ ግን የራሱ ነውና፥ በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ በትንፋሽ የሚታዘዝ መሣሪያ ተሠራ። በእርሱም ሕመምተኛው መብራቱን፥ ሬዲዮውን፥ ደወሉን፥ የጽሕፈት መኪናውን ሳይቀር ያዝዝ ጀመር። መሣሪያው ፖሱም ተባለ፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ «እችላለሁ» ማለት ነው።

በአገራችን ለመራመድ የሚረዳው ነገር የታወቀ ነው። ቼሻየር በመናገሻ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ሲረዳ ኖሯል። ነገር ግን ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ጌታ እንዲሆን የሚያደርገውን መሣሪያ ያሰብንበት ጥቂቶች ነን።

የወንድሜ ልጅ በዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ይማራል። ነገሩን ባጫውተው መጥቶ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ አምስት ዓመት ያልጠየቅሁትንም ጠየቀው። «ራስህ ብታደርገው የምትወደው ምንድን ነው?» አለው። ልጁም መብራት፥ ማራገቢያ፥ ደወል ብሎ ቈጠረለት።

በ2016 ዓ.ም. በአፉ አጠገብ ቀጭን ቱቦ ተተከለለት። ሲነፋበት በቱቦው ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት አንዲት ትንሽ መለኪያ ትለካለች፤ እርስዋም ሪሌ የምትባለውን በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ታዝዛለች። አንድ ጊዜ ሲነፋ መብራቱ፥ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ማራገቢያው፥ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ደወሉ ይታዘዛል። የቤቱ መስመር 220 ቮልት ቢሆንም ከቱቦው የተለየ ነውና ወደ ልጁ አይደርስም። የከተማው መብራት ሲቋረጥም ደወሉ እንዳይከዳው ባትሪ ተደረገለት።

በዚያች ማታ የልጁ መስኮት ይበራል፥ ይጠፋል፥ ደግሞ ይበራል። መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ በነጠላ ጫማ ሮጥሁ። ልጁ እየሳቀ «ጋሼ፥ እኔ ነኝ» አለኝ። እናቱ በበሩ ቆማ ታለቅሳለች።

እውነቱን ልናገርና፥ በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዴ ብድግ ብዬ የምሄድበት ባጣ ልቤን ቅር አለው። ኋላም ራሴን ጠየቅሁ፦ የወደድሁት ልጁን ነውን፥ ወይስ ለልጁ አስፈላጊ መሆኔን? ብዙዎቻችን ችግረኛውን የምንወደው ችግሩ እስካለ ድረስ ነው፤ ችሎ ሲገኝ የተነጠቅን ይመስለናል። እንዲህ ያለው ፍቅር ራስን መውደድ ነው።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፥ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ዋጋቸው ከአቅም ሳያልፍ እንዲገኙ መንግሥታትን ያሳስባል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገብቶ በሽተኛው ምን እንደሚፈልግ አይጠይቅም። ያ የእኔና የአንተ ፈንታ ነው። እንግዲህ ልትረዳው ለምትሄደው ሰው እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት ጆሮህን ስጠው።

እኔ አሁንም ማታ ማታ እሄዳለሁ፤ ወንበር ስቤ እንጫወታለን። ማብሪያውን ግን አልነካም። ደኅና እደር ብዬው ከወጣሁ በኋላ አንዳንድ ቀን ወዲያው፥ አንዳንድ ቀንም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፥ መብራቱን ራሱ ያጠፋዋል።