ድምፁን የጠበቅነው እሳት

ከጎንደር ተነስቶ በትክል ድንጋይ በኩል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሳንጃ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይዟል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ደጋውን በብርድ ትቼው ብመጣም ቆላው ከመሸም በኋላ ወበቁን አልለቀቀም። ያሳደሩኝ ሰዎች የጠፍር አልጋ ግቢ አወጡልኝ። መብራት ጠፍቷል፤ አቦሉ ተቀድቷል።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ግቢው ድንገት በራ። የአጥሩ እንጨት ሳይቀር መሬት ላይ ጥላ ጣለ። ቀና ስል ነጭ እሳት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን አቅጣጫ እየተምዘገዘገ ለሁለት ተከፍሎ ጠፋ። እመቤቲቱ አማተቡ፤ «ትልቅ ሰው አረፈ» አሉ። ባለቤታቸው ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን። አርማጭሆ ውስጥ እንዲህ ያለ ብርሃን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በአብሪ ጥይት ነው።

«ቆይ፣ ድምፁን እንስማ» አሉ።

ሽማግሌው ሳያውቁት የሳይንቲስት ሥራ እየሠሩ ነበር። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ከጠፈር የመጣ ድንጋይ ነው፤ ከአጥቢያ ኮከብ በልጦ ሲደምቅ «የእሳት ኳስ» ይባላል። ከ100 ኪሎ ሜትር የተነሳ ድምፅ ጆሮ ለመድረስ 5 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ቶናውን ጠጣን፤ ድምፅ የለም።

«እንግዲያስ የሰው አይደለም» ብለው ፈረዱ።

እኔም ከድንበሩ ማዶ የሆነውን አጫወትኳቸው። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድንጋይ በሰሜን ሱዳን በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። አሜሪካ፣ አሪዞና ያለ ቴሌስኮፕ ከ20 ሰዓት ገደማ በፊት አይቶት ነበር፤ ከመውደቁ በፊት የታወቀ የመጀመሪያው የጠፈር ድንጋይ እሱ ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በረሃውን ተሰልፈው በእግራቸው አሰሱት። የተገኘው 600 ያህል ስባሪ በአቅራቢያው ባለው ባቡር ጣቢያ ስም «አልማሃታ ሲታ»፣ ማለትም «ጣቢያ ስድስት» ተባለ። ፈላጊዎቹ የጣቢያውን ሰዎችም ምን እንዳዩ ጠይቀዋል።

«የት እንደወደቀ የሚያውቅ ያየው ነዋ!» አሉ ሽማግሌው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ምሽት ሰማዩ ቢበራብህ አማትብ፤ ሰዓቱንና አቅጣጫውን ግን አትርሳ። ከዚያ ቡናህን ይዘህ ድምፁን ጠብቅ።