ክረምቱ እስኪያልፍ

ባለፈው ሐምሌ ዝናሙ ከቤት አላስወጣ ብሎን ሳለ፥ ቨርጂንያ ዉልፍ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ የጻፈችውን «ወደ መብራት ግንቡ» የሚባለውን ልብ ወለድ ታሪክ አነበብን። መጽሐፉ የታተመው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1927 ዓመት ነው። የኛ ክረምት በሚበረታበት ወራት ለእነርሱ ፀሐይ ይወጣላቸዋልና፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ዕቃውን ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ታሪኩም የሚጀምረው እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

አንድ የስድስት ዓመት ልጅ መርከቦችን በሌሊት ወደሚመራው የመብራት ግንብ ለመሻገር ይመኛል። እናቱ ነገ አየሩ መልካም ከሆነ ትሄዳለህ ትለዋለች፤ ለመብራቱ ጠባቂ ልጅም የእግር ሹራብ ትሠራለች። አባቱ ግን ነገ አየሩ መልካም አይሆንም ብሎ ተስፋውን ይቈርጥበታል። መንገዱም ቀረ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያልፋል፤ እናቲቱ በድንገት መሞቷ የሚነገረን በቅንፍ ውስጥ በገባች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ይህን ባነበብን ጊዜ ደራሲዪቱን ተቈጣናት። እናትን ያህል ነገር እንዲህ በቅንፍ ውስጥ ይቀበራልን? አልን። ኋላ ግን የገዛ እናታችንን ሞት በስልክ የነገሩንን ቃል ብንቈጥረው፥ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ያጠረ ሆኖ አገኘነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የባዶው ቤት ነገር ነው። ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የከርከሮ ራስ ቅል ታናሺቱን ልጅ ቢያስፈራት፥ እናቲቱ የትከሻ ልብሷን አውልቃ ሸፍናው ነበረ። ሰው በሌለበት ቤት ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ፥ ያ ልብስ እጥፉ እየተፈታ ይንጠለጠላል።

ደራሲዪቱ ይህን የጻፈችው ከራሷ ሐዘን ነው። በ1895 እናቷ ስትሞትባት 13 ዓመቷ ነበረ፤ ቤተ ሰቡ ፀሐዩን ወራት ያሳልፍበት የነበረው በኮርንዎል አገር ያለው ቤትም ተለቀቀ። በ1905 ከወንድሞቿና ከእኅቷ ጋራ ወደዚያው ተመልሳ በምሽት በአጥሩ አሻግረው ቢመለከቱ፥ በመስኮቶቹ መብራት ይታይ ነበረ፤ የሚኖሩበት ግን ሌሎች ሰዎች ነበሩ። መጽሐፉን ከጨረሰች በኋላ የእናቷን ድምፅ መስማት እንደ ተዋት ራሷ ጽፋለች። እኛ ግን ይህን እንደ በጎ ነገር ለመቀበል አልቻልንም።

እናታችን የተወለዱበትን የመንዝን አገር አንድ ጊዜ አይተው ለመመለስ ይለምኑን ነበረ። እኛም ሥራ ሲበዛብን፥ ወንዙ ሞልቷል፤ ክረምቱ ይለፍና ከመስቀል በኋላ እንወስድዎታለን እንላቸው ነበረ። ሦስት መስቀል አለፈ። በአራተኛው ክረምት፥ በነሐሴ፥ አረፉ። እውነቱን ለመናገር ወንዙ ድልድይ ነበረው።

ቤታቸውን ቈልፈን ሁለት ዓመት ሳንከፍተው ቈየን። በመጽሐፉ መጨረሻ አባትየው ለመብራቱ ጠባቂዎች የሚሰጠውን ዕቃ አስጠቅልሎ፥ ያደጉ ልጆቹን ይዞ ያን የቀረውን መንገድ ይሻገራል። ይህን ባነበብን በሳምንቱ ቍልፉን ይዘን ሄድን። ጋቢያቸው በመስቀያው ላይ እንዳለ ነው፤ ብል በልቶታል። በሣጥናቸው ውስጥ ግን በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነጠላ አገኘን፤ ፈትሉ የገዛ እጃቸው ነው። መንዝ ላሉት ታናሽ እኅታቸው ያሠሩት እንደ ነበረ ጎረቤታቸው ነገሩን።

ከመስቀል በኋላ ይዘንላቸው ሄድን። አክስታችን ነጠላውን ተቀብለው አሸተቱት። ምነው ይህን ያህል ዘገያችሁ ብለው ቢጠይቁን፥ ወንዙ ሞልቶ ነበረ አልናቸው።