የባላገር ልጅ ፍቅር አያምርባትም ያለው ማነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በአማርኛ የፍቅር ፊልም ውስጥ ከገጠር የመጣች ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አዎ፣ አይታችኋል። ግን የት? ጓዳ ውስጥ! ሻሿን አስራ፣ በር ከፍታ አንድ ቃል ስትናገር አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። የምትፈቀረዋ ሌላ ናት፤ መኪና የምትነዳዋ፣ ሳሎን ቁጭ ብላ የምታለቅሰዋ። ሁሉም ፊልም እንዲህ ነው አይባልም፤ ግን በዝቷል።

«ፊልም አይደል እንዴ፣ ምን አስጨነቀሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ቤቴ ድረስ ስለገባ ነዋ!

የወንድሜ ልጅ ናት፤ እንደኔው የደብረ ወርቅ ልጅ። አዲስ አበባ ተምራ ሥራ ይዛለች። የምትወደው፣ የሚወዳትም አግኝታለች። ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ሲል መጣችና «አክስቴ፣ ሽማግሌዎቹ አንቺ ቤት ይምጡ፤ አባዬ ባይኖርስ?» አለችኝ። ለካስ «የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» ብላው ኖሯል! አባቷ ጤፍ ዘርቶ፣ በሬ ሸጦ ያስተማራት ሰው ነው። ምኑ እንዳሳፈራት ብጠይቃት «አነጋገሩ። እናቱ እንደ ፊልሙ ቢስቁበትስ?» አትለኝም! አንጀቴ ቁርጥ አለ።

እሷማ «አንች» እና «ሂጅ» ማለቱን ከተወች ሰንብታለች። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ በፊልም የምንሰማው የባላገር አነጋገር የማንም አገር አይደለም። ቃሉን ከጎጃም፣ ዜማውን ከወሎ፣ ቅላጼውን ከሸዋ ወስደው ለሳቅ የቀመሙት ነው።

እናንተዬ፣ በአማርኛ የፍቅር ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ከየት መጣ? ከእኛው ቀዬ! ሐዲስ ዓለማየሁ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የባላገር ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል የባላባት ልጅ። ገበሬው፣ ባላባቱ፣ ካህኑ፣ «እብድ» የተባለው ጉዱ ካሣ ሳይቀር ሁሉም አፍ አላቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ በሐዘን አደመጠ እንጂ በበዛብህ ባላገርነት አልሳቀም። ሁለቱን የለያያቸው «ዘሩ አይመጥናትም» የሚል ንቀት ነው። ያ ንቀት ዛሬ ልብስ ቀየረ እንጂ አልሞተም።

ፊልምም ቢሆን ከተፈለገ ይቻላል። የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ከተሠራ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ልጅነት ነው እንዳንል ጎልምሰናል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በ2009 በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ጀርመን ተምሮ፣ እዚያው በጥቁርነቱ ተደብድቦ እግሩን ያጣው አንበርብር ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ ሲመለስ ፍቅር የሚያገኘው ማን ዘንድ ነው? መንደርተኛው ያገለላት አዛኑ ዘንድ! እሱ ባሕር ማዶ የተናቀውን ያህል እሷ በገዛ አገሯ ተንቃለች። የገጠር ሴት እዚያ ፊልም ላይ መሳቂያ አይደለችም፤ ሰው ናት።

ወደ ልጃችን ልመለስና፣ «ወንድሜ በሕይወት እያለ ለአንቺ የተላከ ሽማግሌ እኔ ቤት አይገባም» አልኳት። መንገዱ የታወቀ ነው፤ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንና ብቸናን አልፎ ደብረ ወርቅ! አኩርፋ ሄዳለች። መልሷን እየጠበቅሁ ነው።

እንዲህ ያለ ምስጢር የያዛችሁ እህቶች፣ ሽማግሌው ሳይነሳ ንገሩት። በአባትሽ አነጋገር የሚስቅ ሰው ነገ በልጆችሽ አያት መሳቁ አይቀርም፤ ካልሳቀ ደግሞ ስትፈሪ የኖርሽው በከንቱ ነው። ሁለቱም ከሠርግ በፊት ቢታወቅ ይሻላል። ወንድሞችም «ከየት ነሽ?» ስትሉ ድምፃችሁን ልብ በሉት፤ ልጅቷ የምትዋሸው ሳቁን ቀድማ ስለሰማችው ነው። ፊልም ሠሪዎቻችን ደግሞ እስቲ አንድ ጊዜ ያቺን ልጅ ከጓዳ አውጥታችሁ አፍቅሯት!

ቸር ያሰማን።