ውሃ በሚመጣበት ሌሊት የሚመለስ ሰው

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ የሚታመን የቧንቧ ሠራተኛ አያውቁም?» ከጡረታ በኋላ የብሎካችን ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ይሆናል፣ ስለ ሮቶና ስለ ፓምፕ ደጋግሜ ስለምለጥፍም ይሆናል። አዎ፣ አንድ አውቃለሁ። ስልኩን ግን እዚህ አልጽፍም፤ ራሱ አደራ ብሎኛል። ያለው ደንበኛ ይበቃዋል፣ ደግሞ ዋጋ ጠይቆ የሚጠፋው ሰው ብዛት አስመርሮታል። በስልኩ ፋንታ አጠገቡ ቆሜ ሲሠራ ሳይ ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን አቅርቡ።

በመጀመሪያ ይህ ሥራ ከሌላው ለምን እንደሚለይ እንነጋገር። ቀለም ቀቢ ሥራውን ግድግዳው ላይ ትቶላችሁ ይሄዳል፤ ካልወደዳችሁት እዚያው ታሳዩታላችሁ። አናጺም እንደዚያው። የቧንቧ ሥራ ግን ተሠርቶ ሲያልቅ ሲሚንቶ ይለሰንበታል፣ ሴራሚክ ይለጠፍበታል፣ በቃ ተቀበረ። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በደረቅ ቧንቧ ላይ የተሠራው ሥራ የሚፈተነው ውሃው በመጣ ጊዜ፣ ምናልባት እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ የእጅ ዋጋው ተከፍሏል፣ ሠራተኛው ሄዷል፣ ስልኩ ደግሞ «ጥሪ አይቀበልም» ይላል። እናንተ በሌሊት ልብስ፣ በአንድ እጅ ጨርቅ በሌላ እጅ ባልዲ ይዛችሁ ውሃ ስታፍሱ ታድራላችሁ። ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ ያደራችሁ? አውቃለሁ፣ ብዙ ናችሁ።

እንግዲህ እኔ የማምነው ሰው መለያው ይኼ ነው፦ ውሃው እስኪመጣ ድረስ ሥራው አላለቀም ብሎ ያስባል። ዕቃው መሐል አንዲት የእጅ ፓምፕ አለችው፣ ሳጥን መሳይ ነገር ናት፣ ጎኗ ላይ ግፊት የሚያነብ መለኪያ ተገጥሞባታል። አንድ ጀሪካን ውሃ ያስመጣል፣ የቧንቧዎቹን ጫፍ ሁሉ በማቆሚያ ይዘጋል፣ ከዚያ እየፓመጠ መስመሩን ሰፈራችን ውስጥ አይቶት ከማያውቀው ግፊት በላይ ያደርሰዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። መለኪያው ካልወረደ መስመሩ ደህና ነው። ከወረደ አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነውና ሴራሚክ አይለጠፍም። ይህቺ ፓምፕ ያለችው ሠራተኛ ካገኛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ከሌለችው ደግሞ የእጅ ዋጋውን በሁለት ክፈሉ፤ የመጨረሻው ክፍያ ውሃ በመጣ ማግሥት ይሁን። ይህን ስትሉት የሚቆጣ ሠራተኛ አለ፣ «እሺ» የሚልም አለ። ከመልሱ ብቻ ብዙ ትረዳላችሁ።

አሁን ወደ ብሎካችን ልውሰዳችሁ። ስም አልጠራም፣ ሁለቱም ወገኖች ወዳጆቼ ናቸው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አራስ ያለችበት ቤት አለ። ክረምቱ ሲወጣ የመታጠቢያ ቤታቸው ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ታየ። እድፉ ሰፋ፣ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ። ሽታውም መጣ፣ የሕፃኑ ልብስ የሚደርቅበት ቦታ ሻገተ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ መልካም ሰዎች ናቸው፤ ሲነገራቸው ወዲያው ሠራተኛ ጠሩ። ሠራተኛው ገብቶ «መስመራችሁ አርጅቷል፣ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት» አላቸው። ሴራሚኩ ተፈለጠ፣ አረንጓዴው ፒፒአር ቧንቧ እንዳለ ተቀየረ፣ ለዕቁብ የተቀመጠው ብር ወጣ። ጠብታው ግን አልቆመም። ያን ጊዜ የታችኞቹ «ቸልተኞች» አሉ፣ የላይኞቹ «ምቀኞች» አሉ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ቀረ። ኮሚቴው ዘንድ ሲመጡ አንደኛው ወገን ፍርድ ቤት የሚሄድበትን ወረቀት ይዞ ነበር።

የእኔ ሰው ሲመጣ ዕቃውን እንኳ አላወረደም። መጀመሪያ የታችኛዋን እመቤት ጠየቃት። «እቴ፣ ጠብታው መቼ ነው የሚብስባችሁ? ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው ወይስ በሌላ ቀን?» አሰብ አድርጋ «ቅዳሜ» አለች። ቅዳሜ ቀን በእኛ ብሎክ ውሃ አይመጣም። ላይኞቹ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሮቶ ውሃ ልብስ ያጥባሉ።

አያችሁ? የሚገባው ውሃ ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ግፊት ባለበት ሰዓት ሁሉ፣ ሰው ተኝቶም ቢሆን፣ ይንጠባጠብ ነበር። ሲታጠብ ብቻ የሚፈስ ከሆነ ጥፋቱ ከሚወጣው ውሃ ነው፣ ከፍሳሹ። እኔ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር «ከመፍትሔው በፊት ጥያቄውን አንብቡ» እያልኩ ጮኬ ነበር፤ ይህ ሰው ሳይነገረው ያደርገዋል።

በግምት ግን አልሄደም። ፓምፗን አገጣጥሞ አዲሱን መስመር ፈተነ፤ መለኪያው ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ የላይኛው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያለችውን የፍሳሽ ቀዳዳ በፌስታል በተጠቀለለ ጨርቅ ደፈነና ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ አስመጥቶ ወለሉ ላይ አፈሰሰ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ታች ምንም የለም። ወለሉም ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ ጨርቁን ነቀለው። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከታች የአራሷ እናት ድምፅ መጣ፦ «ኧረ ቀይ! ቀይ ነው የሚንጠባጠበው!»

ኮርኒሱ ሲከፈት ከወለሉ ሥር የሚያልፈው የፍሳሽ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ መግባት የነበረበት የጎማ ቀለበት አልነበረም። ወድቆ ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ ሕንፃው ሲሠራ አልገባም። ቱቦው ዝም ብሎ ተሰክቶ ነው የቀረው። ዓመታት በሳሙናና በፀጉር ተደፍኖ ቆይቶ አንድ ቀን ለቀቀ። ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማይበልጥ ጎማ! ከላይኞቹም ከታችኞቹም አንዳቸው አላጠፉም። ደግሞ ልብ በሉ፣ የላይኞቹ ቱቦ የሚጠገነው በታችኞቹ ኮርኒስ በኩል ነውና አንዱ በሩን ካልከፈተ የሌላው ቤት አይሠራም። የዚያን ቀን ገንፎ የተበላው ሁለተኛ ፎቅ ነበር፣ የላይኞቹም ተጠርተው። ሴራሚኩን በከንቱ ያስፈለጠው ሠራተኛ ግን እስካሁን ስልክ አያነሳም።

አንድ ሌላ ነገር። ይኸው ሰው ሥራ እምቢ ሲል ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ጊዜ ከኛ ብሎክ ወረድ ብሎ ያለ ባለ ቪላ ፓምፑን ከቆጣሪው ቀጥሎ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር እንዲያገናኝለት የጠየቀው ጊዜ ነው። ጥሩ ብር ነበር። «ከሮቶህ ይሳብ፣ ከመንገዱ መስመር ግን አልስብም» አለው። ምክንያቱን ኋላ አስረዳኝ፣ ፊዚክሱ ልክ ነው። ውሃው ከለገዳዲም ይምጣ፣ ከገፈርሳ ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ቱቦው ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ ስንጥቅ ቢኖር እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። ፓምፕ ሲስበው ግን ግፊቱ ይገለበጣል፤ በስንጥቁ በኩል በአፈሩ ውስጥ ያለው ይገባል። በአፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ፣ የፍሳሽ ቱቦው በምን ያህል ርቀት እንደሚያልፍ እናንተው አስቡት። የጎረቤት ድርሻ መሳቡ ሳይቆጠር ነው ይህ ሁሉ። ሁለተኛው እምቢታ የቦይለር ነበር። ከሥሩ ያለችው የደኅንነት ቫልቭ ትንጠባጠባለችና «ድፈንልኝ» ያለው ሰው ነበረ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የሰፋው መውጫ ይፈልጋል፤ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ትንሽ ብታንጠባጥብ ሥራዋን እየሠራች ነው። ቀዝቅዞም ካላቆመች ትቀየራለች እንጂ አትደፈንም። የተደፈነ ቦይለር መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ቦምብ ነው። ኧርዝ የምንለው የመሬት መስመር የሌለው ማሞቂያ ካላችሁም ዛሬውኑ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ይህቺን በትልቁ ነው የምጽፋት።

ስለ ማሞቂያ ካነሳን፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ «ኢንስታንቱ አይሠራም» እያላችሁ ሁለተኛና ሦስተኛ አትግዙ። ስለ ግፊት ሳስተምራችሁ የሳልኩላችሁን ጋን አስታውሱ፣ ደብተራችሁን አልጠይቅም። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት ወደ 1 ባር ገደማ ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ ምድር ቤት ያለው ሰው 1.5 ባር ሊያገኝ ይችላል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ግን ከሻወሩ ራስ በላይ ያለችው ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ናት። 0.2 ወይም 0.3 ባር ማለት ነው። ብዙዎቹ ኢንስታንቶች በዚህ ግፊት ጭራሽ አይነሱም። ዕቃው አልተበላሸም፣ የሚያስፈልገው ከሮቶው በኋላ የምትገባ አነስተኛ ፓምፕ ናት። ይህን ሳይናገር አዲስ ማሞቂያ የሚያስገዛችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ከሱቁ ኮሚሽን አለው።

ኮሚሽን ካልኩ፣ ስለ ዕቃ ግዢ። የእኔ ሰው ዝርዝሩን በእጁ ይጽፋል፣ መጠኑን፣ ብዛቱን፣ ደረጃውን ጭምር፣ «ሂዱና ግዙ፣ ከፈለጋችሁ አብሬ እሄዳለሁ» ይላል። መርካቶ ስትሄዱ የቧንቧ አፉን በእጃችሁ መዝኑት። ክሮሙ የሁሉም ያብረቀርቃል፤ ነሐሱ ግን ከባድ ነው፣ ላባ የሚያክለው በዓመቱ ጥርሱ ይበላል። ለሙቅ ውሃ የሚሆነውንና ለቀዝቃዛ ብቻ የሆነውን ፒፒአር ለዩ፣ ቧንቧው ላይ ተጽፏል። ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚመታውን ደግሞ አልብሱት፣ ፀሐይ ያሰባብረዋል።

ስለ እኛ ስለ ደንበኞቹም ልናገር፣ ቅር የሚለው ካለ ይበለው። ሥራው ካለቀ በኋላ ዋጋ መከራከር ነውር ነው። «አሥር ደቂቃ ለማይሞላ ሥራ ይህን ሁሉ?» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሥር ደቂቃ የፈጀበት የት እንደሚመታ ስለሚያውቅ ነው! ሌላው ሦስት ቀን ሴራሚክ ሲፈልጥ ሰንብቶ ባያገኘው ግን በሦስት ቀን ሒሳብ ይከፈለዋል። ያልታወቀን እያከበርን የታወቀን እያዋረድን ነው የሚታመን ሰው ጠፋ የምንለው። ዋጋውን ከፊት ተስማሙ፣ ቀብድ ስጡ፣ ምሳ ሰዓት ከሆነ አብሉት። ሰውዬው በሌሊት ስልክ የሚያነሳላችሁ ቀን በቀን እንዴት እንደያዛችሁት አይቶ ነው።

ሠራተኛ ሳትጠሩ የምታዩትን ደግሞ ባጭሩ። ቆጣሪው ያለ ልክ ከቆጠረ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝጉና የቆጣሪውን ትንሿን ቀይ ኮከብ ተመልከቱ፤ ከዞረች አንድ ቦታ ይፈስሳል። ብዙ ጊዜ ሌባው ሽንት ቤት ነው፣ ድምፅ የለውም። ከበረካው የተረፈ ቡና ፍላሹ ውስጥ ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ቆዩ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከጠቆረ ጎማው ይቀየር። ለወራት ያልተጠቀማችሁበት መታጠቢያ ከሸተተ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ ነውና አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት፣ በቃ። ውሃ ሲጠፋ የከፈታችሁትን ቧንቧም ዝጉ፤ ስንት ቤት በዚህ ነው በውድቅት የተጥለቀለቀው።

የኔ ሰው አሁን ረዳት አለችው፣ ቴክኒክና ሙያ የጨረሰች ልጅ። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ልኳት አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ «ሠራተኛው መቼ ይመጣል?» አላት። «መጥቻለሁ አባባ፣ ዋናው መዝጊያ የት ነው?» አለችው። እሱ አያውቅም። ሚስቱም አታውቅም። ቤቱ ውስጥ ሰባት ዓመት ኖረዋል። ልጅቷ ከቁም ሣጥን ጀርባ አገኘችው፣ ዝጎ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ ሥራዋን የጀመረችው እሱን በመቀየር ነው።

እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ሂዱና የቤታችሁን ዋና መዝጊያ ፈልጉ። ስታገኙት ዝጉት፣ መልሳችሁ ክፈቱት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጉ። እምቢ ካለ በጉልበት አትጠምዝዙት፣ ይሰበርና ያው ሌሊቱ ይመጣል። ያላገኛችሁት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጨምራችሁ፤ የት እንደሚደበቅ እነግራችኋለሁ።