ከጥቁሩ ሥር ያለው ቀይ

ለገና ወደ ላሊበላ ለመሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ አዲስ አበባ ከአንድ ጸጉር ቤት መስታወት ፊት ተቀመጥሁ። በግንባሬ ዳር ብቅ ያለውን ሽበት በቀለም ልሸፍነው ፈልጌ ነበር። ባለሙያዋ ሁለት ናሙና ዘረጋችልኝ፤ አንዱ አመድማ ብሎንድ፣ ሌላው ቡናማ።

«ብሎንዱ ብሊች ይፈልጋል» አለችኝ። «ጥቁሩ ሲለቅ መጀመሪያ ቀይ ይወጣል፤ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ። የቀረውን ቢጫ በሐምራዊ ቶነር ስናጠፋው ነው አመድማ የሚሆነው።»

በጥቁር ጸጉሬ ውስጥ ቀይ ተሸሽጎ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን ከቀይ ዐለት ተፈልፍሎ በሚወጣበት አገር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀይ ገንዘብ ከፍዬ ላስጠፋው መቀመጤ ገረመኝ።

እናቴም ትዝ አለችኝ። አባቴ ያረፈ ጊዜ ጸጉሯን ተላጨች፤ ሲበቅል ነጭ ሆኖ በቀለ። ቀለም ገዝቼ ብወስድላት «ኀዘኔን ልትደብቂብኝ ነው?» ብላ ሳትከፍተው መለሰችልኝ። እኔስ የእኔን ከማን ነበር የምደብቀው?

ቡናማውን መረጥሁ፤ ቀዩን ከነሙቀቱ የሚተወውን። ሽበቴ ግን ተሸፈነ፤ የእናቴን ያህል ድፍረት አልነበረኝም።

ታኅሣሥ 29 ቀን ጧት፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከዐለቱ ጠርዝ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ፣ ነጠላዬ ከራሴ ሸርተት አለ። እናቴ ፀሐይ ያረፈበትን ጸጉሬን ትክ ብላ አየችው።

«ደንጊያችንን መሰልሽ» አለችና ነጠላዬን አከናነበችኝ።

ምርቃት ይሁን ተግሣጽ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።