ያለ ሳንቲም መዞር፦ ዲሲና ሲቀላ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ማስጎብኘት ኪስ አይጎዳም። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም፤ መካነ አራዊቱም እንደዚያው። የሊንከን መታሰቢያ ሌሊትም ክፍት ነው። ስሚዝሶኒያን የተባለው በጄምስ ስሚዝሰን ስም ነው። እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነበር፤ ሀብቱን ለወንድሙ ልጅ አወረሰ፣ ወራሹ ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ገንዘቡ በስሚዝሰን ኑዛዜ መሠረት ለአሜሪካ ሆነ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1846 ተመሠረተ። ስሚዝሰን ራሱ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም።

እዚያ ቀኑን ሙሉ ብትዞር ማንም ስምህን አይጠይቅህም። አዲስ ለገባና ወረቀቱ፣ ሥራው፣ ቋንቋው ለደከመው ሰው ይሄ እረፍት ነው። ሲውል ሲያድር ግን ብቸኝነቱ ይጀምራል።

ሲቀላ ሌላ ነው። አርባ ምንጭ ላይዋ ሴቻ፣ ታችዋ ሲቀላ ናት፤ ገበያውና ግርግሩ ታች ነው። አዲስ ገቢው በብዛት ተማሪ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ከየክፍለ ሀገሩ ልጆች ያመጣል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ብር ያለውም የሌለውም ወክ ይወጣል። ገበያው ውስጥ ሙዝ በግንዱ ተደርድሯል፣ የሽፈራው ቅጠል በእስር በእስር ተቀምጧል። ማንጎ ሻጯ በቢላዋ ጫፍ አንድ ቁራጭ አንስታ «እንካ ቅመስ» ትላለች። ባትገዛም አትቀየምም፤ ከየት እንደመጣህ ሳትናገር ግን አትለቅህም። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት ካልክማ አለቀልህ፤ እዚያ ሸማ የሚሠራ ዘመድ የሌለው ጋሞ ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ በኋላ የሚያስጎበኝህ ሰው አታጣም።

ይህን ሳሞግስ ለከፋውን አልረሳሁትም። ብቻዋን ለምትዞር ሴት ተማሪ የሲቀላ መንገድ እንደ ሙዚየም ኮሪደር ሰላማዊ አይደለም።

እኔን የሚቆጨኝ ግን የሴቻ አፋፍ ነው። ከዚያ ቁልቁል ሲያዩ በግራ አባያ ሐይቅ፣ ወንዞች በሚያመጡበት ደለል ቀልቶ፤ በቀኝ ጫሞ፣ ሰማያዊ ሆኖ፤ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ። ከታች ደኑ። የነጭ ሳር ፓርክና የአዞ እርባታው መግቢያ ማስከፈላቸው ተገቢ ነው፤ ጠባቂም ደመወዝ ይበላል። እይታው ግን ለምን? ደህና ደህናው መቀመጫ ያለው በሆቴሎችና በሎጆች በረንዳ ላይ ነው፤ ማኪያቶ ሳያዝዙ ብዙ መቆየት ያሳፍራል። ከቤተሰቡ ብር እስኪላክለት ለሚጠብቅ ተማሪ ማኪያቶም ወጪ ነው።

ጋሞ የጋራ ሜዳን ከዋሽንግተን አይማርም። ዱቡሻ አለው፤ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ጉዳይ ያለው ቆሞ የሚናገርበት፣ የማንም ግል ያልሆነ ቦታ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች ለምለም ሳር ይዘው አርባ ምንጭ ላይ ተንበርክከው በወገኖቻቸው ላይ ለደረሰ ጥቃት በቀል የወጡትን ወጣቶች የመለሱት በዚሁ ባህል ውስጥ ያደጉ ስለሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ሕዝብ ከተማ ውስጥ ሐይቅ ማየት የደንበኛ መብት ብቻ መሆን የለበትም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ አፋፉ ላይ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ማታ መብራት። ሆቴሎቹም አይከስሩበትም፤ ዛሬ በነፃ ያየ ተማሪ ሥራ ሲይዝ እጮኛውን ይዞ ይመለሳል። ውጭ ያለን ለሠርጉም ለለቅሶውም እናዋጣለን፤ ለዚህም አያቅተንም። ቦታውን መስጠት ግን የከተማው አስተዳደር ፋንታ ነው። የአርባ ምንጭ ልጆች ሆይ፣ ያላችሁበት ሁናችሁ አብረን እንጠይቅ።