የእናቴ ጽጌረዳ ቀለም

በዚህ ወር ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት የጎማ ማኅተምና ስለ አንድ የውሃ ቀለም ሣጥን ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያው ነበር። ታግሣችሁ ብታዳምጡኝ ግን ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ለዒድ ካርድ የምትሆን አንዲት ሙያ ትይዛላችሁ፤ እኔም ሁለት ዓመት በሆዴ የያዝሁትን ተንፍሼ ይቀልለኛል።

ማኅተሟን የላከችልኝ ጅዳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ከእርሷ ጋር የተቀያየምነው በ2015 ዓ.ም. እናታችን ደሴ ላይ ወደ አኼራ በሄደችበት ጊዜ ነው። እህቴ ለጀናዛው አልደረሰችም፤ ለተዕዚያውም አልመጣችም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ስልክ ደወለችልኝ። እኔም ከሐዘኑ በላይ ንዴቱ አሸንፎኝ «ገንዘብሽ ሁልጊዜ ይደርሳል፤ አንቺ ግን አትደርሺም» አልኋት። እርሷ አልመለሰችልኝም። ኢቃማዋ ጊዜው አልፎበት እንደነበርና ከወጣች መመለሻ እንደማይኖራት የሰማሁት ከወራት በኋላ ከሌላ ሰው ነው። እናታችን እስከ መጨረሻዋ ቀን የዋጠችው መድኃኒት በዚያች በእህቴ ደመወዝ የተገዛ መሆኑን ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር፤ አውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዒድ በዒድ ብቻ እንደዋወላለን። «ዒድ ሙባረክ፣ ልጆች ደኅና ናቸው?» «አልሐምዱሊላህ።» ይኸው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሰው እጅ አንድ ጥቅል ላከች። የልጆች ልብስ፣ ቴምር፣ አሥራ ሁለት ቀለም ያለው የውሃ ቀለም ሣጥን፣ አንዲትም የእንጨት እጀታ ያላት ማኅተም ነበረበት። ማኅተሟ ላይ የተቀረጸችው ሙሉ በሙሉ የፈካች ጽጌረዳ ናት። ደብዳቤ የለም፤ በቁራጭ ወረቀት «ለልጅሽ» የሚል ብቻ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ የዚያኑ ዕለት ማታ «ለአክስቴ የዒድ ካርድ እንሥራላት» ስትለኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። በልቤ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ እናታችን በደሴው ግቢ ያሳደገቻት ጽጌረዳ። ካርዱ ላይ የምናትመው አበባ ያቺን ጽጌረዳ መምሰል አለበት አልሁ። እንግዲህ መከራችን ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያበላሸው የቢሮ ማኅተም ቀለም ነው። ባለቤቴ ከሥራ ቦታው ያመጣውን ሐምራዊ ቀለም በማኅተሟ ላይ ነክረን ስናትም ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጄ በደስታ ጨበጨበች። ከዚያ ብሩሹ ውሃ ይዞ ሲነካው ሐምራዊው ሁሉ ተነሥቶ ፈሰሰ፤ ጽጌረዳዋ በዝናብ የተደበደበ የመዝገብ ገጽ መሰለች። የቢሮ ማኅተም ቀለም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ነው። ውሃ የማይፈታው ቀለም ያስፈልጋል። እኛ ያገኘነው የማተሚያ ቤት ጥቁር ቀለም ነበር፤ አንድ ወዳጃችን በጠርሙስ ክዳን ማንኪያ የማታህል አመጣልን። በስፖንጅ ቁራጭ ማኅተሟ ላይ ስስ አድርገን ጠቀጠቅንና አተምን። ይህ ቀለም ዘይት ስላለበት ቶሎ አይደርቅም፤ አንድ ሌሊት አልበቃ ብሎት እስከ ማግስቱ ማታ ጠብቀናል። ከደረቀ በኋላ ግን ውሃ ቢፈስስበት አይነቃነቅም፤ እንዲያውም መስመሩ እንደ ትንሽ ግድብ ሆኖ ውሃው ከአንዱ የአበባ ቅጠል ወደ ሌላው እንዳይሻገር በመጠኑ ያግዳል። የማኅተሟን ጎማ ወዲያው በጨርቅ መጥረግ እንዳትረሱ፤ እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ ስሶቹ መስመሮች ተደፍነውብኛል።

ወረቀትም ነገር ነው። በደብተር ወረቀት የሞከርነው ሁለተኛው ቀለም ሲያርፍበት ተጨማደደ፤ ሦስተኛው ሲነካው እንደ አሮጌ ጋቢ ፀጉር አበቀለ። ብዙ ጊዜ መርጠብና መድረቅ የሚችለው ወፍራሙ የሥዕል ወረቀት ነው፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚባለው ከተገኘ አትለፉት። ውድ ነው። እኛ አንዱን ትልቅ ወረቀት ስምንት ቦታ ቆርጠን ተጠቀምን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የእናቴ ጽጌረዳ ቀይ ብቻ አልነበረችም። ቀይ ናት ትላላችሁ፤ ጧት ፀሐይ ሲያርፍባት ግን ከውስጧ ሌላ ነገር ይበራል። ይህን ለማግኘት መጀመሪያ ቀይና ብርቱካን ቀለም በሳህን ላይ ደባለቅሁ። የወጣው ጥሩ ቀለም ነበር፤ ግን የሞተ ነው፤ ግድግዳ የምትቀቡበት ይመስላል። የውሃ ቀለም ጠባይ እንደዚህ አይደለም። ስስ ሆኖ ሲቀባ ብርሃኑ በቀለሙ ውስጥ አልፎ ነጩን ወረቀት ነክቶ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። አንዱ ሲደርቅ ሌላው በላዩ ሲደረብ ብርሃኑ ሁለቱንም አልፎ ይመጣል፤ በሳህን ላይ ቢደባለቁ የማይገኘው ፍካት የሚመጣው ከዚህ ነው። ነጭ ቀለም አያስፈልግም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ከቀላሉ ወደ ጠቆረው ይኬዳል እንጂ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ለልጄ ስለ ቅጥነቱ ያስረዳኋት በቡና ነው። አቦል ወፍራም ነው፤ ቶና ይቀጥናል፤ በረካ ደግሞ የሲኒው ሥር እስኪታይ ይሳሳል። «እያንዳንዱ ድርብ በረካ ይሁን» አልኋት። ሦስት በረካ ተደራርቦ አንድ አቦል ያህል ይደምቃል፤ የሲኒው ሥር ግን አይጠፋም። በነገራችን ላይ ለአረንጓዴው ቅጠል ጥላ እውነተኛ የቡና አተላ ቀብተን አይተናል፤ ደስ የሚል ቡኒ ይሰጣል፤ ካርዱም ለሁለት ቀን ቡና ቡና ይሸታል።

ትዕግሥት የሚፈልገው የመድረቁ ነገር ነው። ዓይን ያታልላል፤ ወረቀቱ ደርቆ ይመስላል። የእጃችሁን ጀርባ ቀስ አድርጋችሁ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና እርጥብ ነው። ያልደረቀ ድርብ ላይ ውሃ የያዘ ብሩሽ ካሳረፋችሁ ቀለሙ ወደ ጠርዝ ይሸሽና የአበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ይፈጥራል፤ እርሱን ለማስተካከል ደጋግማችሁ ብታሹት የታችኛው ቀለም ተነሥቶ ሁሉም ይደፈርሳል። አንድ ጊዜ አሳልፎ መተው ነው። ቀይና አረንጓዴ ሲደራረቡም ተጠንቀቁ፤ በጣም የቀጠነ አረንጓዴ በቀዩ ጥላ ላይ ሲያርፍ ጥልቀት ይሰጣል፤ ትንሽ ከበዛ ግን ጭቃ ነው። እኛ አራት ካርድ ጭቃ አድርገናል።

በቀለም ላይ ቀለም መደረብ የዛሬ ሙያ አለመሆኑን ለልጄ ነግሬያታለሁ። የሙገሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በ1620 እ.ኤ.አ. ካሽሚር በሄደበት ጊዜ ሠዓሊው መንሱር ከመቶ በላይ አበባ እንደሣለለት በራሱ ማስታወሻ ጽፏል። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ቀለሙን ስስ እያደረጉ ይደራርቡ ነበር፤ በየመካከሉም ወረቀቱን በደረቱ አስተኝተው ጀርባውን በለሰለሰ ድንጋይ ያሹታል፤ ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር እንዲዋሐድ። እዚያው ሕንድ ውስጥ ሳንጋኔር በሚባለው ከተማ ጨርቅ በእንጨት ማኅተም የሚያትሙ ባለሙያዎች ደግሞ ለአንዲት አበባ አንድ ማኅተም አይበቃቸውም፤ ለመስመሩ አንድ፣ ለየቀለሙም ሌላ ሌላ ማኅተም አላቸው። ልጄ ይህን ሰምታ «ታዲያ እኛ ለምን አንድ ብቻ ተላከልን?» አለችኝ።

ከዚያ የሙከራ ወረቀት አዘጋጀን። አሥራ ሁለቱን ቀለሞች በቁመት እንደ ድር ቀባንና ከደረቁ በኋላ በአግድሙ እንደ ማግ አሳለፍናቸው። በየመገናኛው አንድ አንድ አዲስ ቀለም ተወለደ። እዚህ ላይ ነው የገረመኝን ያየሁት፤ ቢጫ ከሥር ሆኖ ቀይ ሲደረብበትና ቀይ ከሥር ሆኖ ቢጫ ሲደረብበት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከውስጥ ይበራል። በሁለተኛው ላይ የሣጥናችን ቢጫ ቀዩን አቧራ እንዳረፈበት ያደበዝዘዋል። እንግዲህ ከመጀመራችሁ በፊት ከሥር ያለውን ማወቅ ግድ ነው።

እኔ ደግሞ ከሥር ያለውን አላውቅም ነበር። ያቺ ጽጌረዳ ከውስጧ ብርቱካን ነበረች ወይስ ሮዝ? አሥር ዓመት አብሬያት አድጌ አላስታውሰውም። ደሴ ያለውን ቤት የተከራየው ሰው ግቢውን ሲሚንቶ አልብሶታል። ፎቶ የለንም። ይህን የሚያውቅ በዱንያ ላይ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ውሃ የማጠጣቱ ተራ ሁልጊዜ የእርሷ ነበርና።

ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥሁት። በአራተኛው ከተራዊሕ በኋላ ደወልሁ። ዒድ ስላልነበረ ደነገጠች፤ «ምን ሆናችሁ? ማን ታመመ?» አለች።

«ማንም አልታመመም እታለም። የእማዬ ጽጌረዳ ከውስጧ ምን ነበረች?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ «ከሥሩ ቢጫ ነበር። የአበባውን ቅጠል ነቅለሽ ስታይው ከእምብርቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ቢጫ ነው፤ ወደ ላይ ሲመጣ ነው የሚቀላው። ቢጫውን ለማየት የምነቅለው እኔ ነበርሁ፤ የምትመቺው አንቺ ነበርሽ።»

ወላሂ ውድ አንባቢያን፣ ሣቅሁ። እርሷም ሣቀች። ሣቃችን መቼ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ አላውቅም። ያን ቀን፣ የጀናዛው ቀን፣ ሻንጣዋን አሥራ በሩ ሥር አስቀምጣ እንደነበር ነገረችኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አድራለች። እኔም ያን በስልክ የወረወርሁትን ቃል አንሥቼ «አውፍ በይኝ» አልኋት። «እርሱንማ ያን ጊዜውኑ ብዬሻለሁ፤ አልደወልሽም እንጂ» አለችኝ። ስልኩን ስንዘጋ የሱሑር ሰዓት ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው።

በማግስቱ ከልጄ ጋር እንደገና ጀመርን። በፊት ቀይ የነካቸውን ካርዶች ሁሉ ወደ ጎን አደረግናቸው፤ ቀይ ካረፈ በኋላ ቢጫን ከሥሩ ማስገባት አይቻልምና። በንጹሕ ወረቀት አትመን አደረቅን። ከዚያ ቢጫውን እንደ በረካ አሳስተን በአበባው እምብርት ላይ አሳረፍነው፤ ወደ ላይ በንጹሕ ውሃ እየሳብን አጠፋነው። ጠበቅን። ሮዝ ከላይ ወደ ታች፤ ጠበቅን። ቀይ በአፋፉ ላይ ብቻ፤ ጠበቅን። በመጨረሻ ቅጠሎቹ በሚደራረቡበት ጥላ ላይ ቀዩ ውስጥ ጠብታ ሰማያዊ ጨመርን። እርጥብ ሳለ እጅግ የደመቀ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ የውሃ ቀለም ሲደርቅ እንደሚፈዝ ረስቼው ነው። ሲደርቅ ልጄ ካርዱን ወደ መስኮቱ አንሥታ ያዘችው። እኔ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

ፎቶ አንሥቶ በስልክ መላክ ይቻል ነበር፤ አንሥተንም አየነው፤ ስልኩ ቢጫውን ዋጠው። ስለዚህ ለዑምራ ለምትሄድ ጎረቤታችን አደራ ሰጠናት። በካርዱ ጀርባ ላይ ልጄ «ዒድ ሙባረክ አክስቴ፣ መስኮት ላይ እንዳታደርጊው» ብላ ጻፈች። ሮዝና ቀይ ቀለም ፀሐይ ሲበዛበት ቶሎ ይገረጣል፤ መጀመሪያ የሠራነውን መስኮቱ ላይ ለጥፈን ስለነበር አውቀነዋል።

በዒዱ ማግስት እህቴ ደወለች። ካርዱን ከቁም ሣጥኗ በር በውስጥ በኩል ለጥፋዋለች፤ ጧት ልብሷን ልታወጣ ስትከፍተው ታየዋለች። ከምስጋናው ቀጥሎ ግን ታላቅነቷን አልረሳችም፤ «በግራ በኩል ያለው ቅጠል ቀይ በዝቶበታል፤ የእማዬ እንዲህ አልነበረም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እርሱን የቀባሁት እኔ ነኝ። ለዐረፋ ሌላ እልክልሻለሁ ብያታለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄ ቢጫውን ቀብታ ጨርሳለች፤ አሁን በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ ገና ይቀዘቅዛል።